አንድ ጣት የማትችል ሸራ

አባቴ ውሃ የሚያስቆም ሰው ነበር። በስምንት ዓመቴ ይህን ከልቤ አምን ነበር። የሌሎች ልጆች አባቶች ቢበዛ መኪና ይነዳሉ፣ ወይ ጥርስ ይነቅላሉ። የእኔ አባት ግን የምግብ ጠረጴዛችን ላይ ቁራጭ ሸራ ዘርግቶ፣ በመድኃኒት ማንጠብጠቢያ ውሃ ጠብ አድርጎ "ቁሚ!" ሲላት ጠብታዋ ትቆም ነበር። ድቡልቡል ብላ፣ እንደ ብርጭቆ ዶቃ እያብለጨለጨች ቁጭ! ሸራውን ዘንበል ሲያደርገው ትንከባለልና ወለሉ ላይ ዱብ ትላለች። በነበረችበት ቦታ የእርጥበት ምልክት እንኳ አይቀርም። እኔ አጨበጭባለሁ፤ እሱ ጎንበስ ብሎ እጅ ይነሣል። እንዲህ ያለ ሰው ደግሞ በአንድ ተመልካች አይጠግብም።

አባቴ የሸራ ፋብሪካ የሽያጭ ኃላፊ ነበር። ፋብሪካው ለድንኳንና ለጭነት መኪና መሸፈኛ የሚሆን ወፍራም የጥጥ ሸራ ያመርታል። ሠራተኞቹ አባቴን "አንደበቱ" ይሉታል። የማዕረግ ስም መስሎኝ ትምህርት ቤት ውስጥ "የአንደበቱ ልጅ እኮ ነኝ" እያልኩ ደረቴን እነፋ ነበር። መምህሮቼ ሳቃቸውን ለመደበቅ ወደ ሰሌዳው ዞር የሚሉት ለምን እንደሆነ የገባኝ ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው።

እናቴም እዚያው ትሠራለች፤ የፍተሻ ክፍል ኃላፊ ነበረች። ነጭ ጋውን ለብሳ ሸራውን ትቆርጣለች፣ ታጥፋለች፣ ትፈትጋለች፣ ትነክራለች፣ በመጨረሻም ወረቀት ላይ "አይሆንም" ብላ ትጽፋለች። ለእሷ ያወጡላት ስም "ወይዘሮ አይሆንም" ነበር። አንድ ቤት ውስጥ ውሃ የሚያስቆም አባትና "አይሆንም" የምትል እናት ካሉ አንዲት የስምንት ዓመት ልጅ ለማን ታደላለች? ለእናቴ ማድላት ነበረብኝ የሚል ሰው ካለ፣ ወይ ልጅ ሆኖ አያውቅም፣ ወይ አንደበቱን አላየም።

እናቴ እኮ ነገሩን አስተምራኝ ነበር። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ፣ አባቴ ጠረጴዛው ላይ የተወውን ቁራጭ ሸራ አየችና ማንጠብጠቢያውን አነሣች። በመጀመሪያ የራሷ የጠረጴዛ ልብስ ላይ አንድ ጠብታ ጣለች። ጠብታዋ አንድ አፍታ እንኳ አልቆየችም፤ በክሮቹ ቦይ ለቦይ አራት እግር አውጥታ ተዘረጋችና ጠፋች። ቀጥላ የጓዳው በር ጀርባ ላይ፣ ቀለም ያልነካው ሻካራ እንጨት ላይ አደረገች። ያኛዋ እንደ ትል ረዘመች፤ በእንጨቱ መስመር ወደ ላይና ወደ ታች ሄደች እንጂ ወደ ጎን አልሄደችም። ከዚያ የጎመን ቅጠል አመጣች። ቅጠሉ ላይ ጠብታዋ እንደ አባቴ ጠብታ ኮራ ብላ ቆመች።

"አየሽ፣ ውሃ እንዳስቀመጡት ነው የሚቀመጠው" አለችኝ። "ሻካራ ነገር ውሃ የሚወድ ከሆነ የባሰ ይጠጣል። የሚጠላ ከሆነ ደግሞ የባሰ ይገፋል። አባትሽ ሸራ ላይ ያለችው ጠብታ ሸራው ላይ የተቀመጠች መስሎሻል አይደል?"

"የት ነው ታዲያ ያለችው?"

"አየር ላይ። ሸራው ደቃቅ ጠጉር አለው። ጠጉሩ ሰም ስለተቀባ ጠብታዋን ከፍ አድርጎ ይዟታል። ከሥሯ አየር ነው ያለው። አሁን በጣትሽ ጫን አድርጊያት።"

ጫን አደረግኋት። ያቺ የመሰለች ዶቃ ፍስስ አለች። ጣቴን ሳነሣ ጠቆር ያለ እድፍ በክሮቹ ውስጥ ቀስ እያለ ይሰፋል። ሸራውን ገልብጣ አሳየችኝ፤ በጀርባው ወጥቷል።

"ደህና ሸራ ቢሆን ብትጫኚውም አይገባም ነበር" አለች። "ሰሙ እስከ ክሩ ሆድ ድረስ ይዘልቃላ። ይኼ ግን ላይ ላዩን ነው የተቀባው።"

እኔ ከዚህ ሁሉ ትምህርት የያዝኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ እናቴ የአባቴን ጠብታ በእኔ ጣት እንደገደለችብኝ። ማታ ለአባቴ ነገርኩት። እሱ ሣቀና ራሴን አሻሸኝ። "እናትሽ ናት፤ ምን ታደርጊያለሽ" አለ።

ከዚያ በኋላ ልምምድ ጀመርን። አንድ ትልቅ የዕርዳታ ድርጅት ድንኳን ሊገዛ ሰዎች ይልካል፤ ለእነሱ ትርኢቱን የማሳየው እኔ ነኝ! አባቴ ከሥራ ሲመለስ ናሙናውን በጫማ ብሩሽ ወደ ላይ ያበጥረዋል፣ በሻማ ይፈትገዋል፣ ሞቅ ባለ ካውያ ከሩቅ ያሞቀዋል፣ እንደገና ያበጥረዋል። ሙሽራ የሚያዘጋጅ ይመስል ነበር። ሲጨርስ ማንጠብጠቢያውን ለእኔ ይሰጠኛል። ውሃው በሰማያዊ ቀለም የተበጠበጠ ነው፤ ከሩቅ እንዲታይ። "ከፍ አድርገሽ አትጣይው" ይለኛል። "ቀስ ብለሽ አስቀምጪው። ከፍ ካለ ይሰበራል።" ዝናብ ከየት ከፍታ እንደሚወርድ ለመጠየቅ ያኔ ብልሃቱም ፍላጎቱም አልነበረኝም። እሱም አልነበረውም ብል ደስ ይለኝ ነበር። አባቴ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ክፉ ለመሆን የሚበቃውን ያህል እንኳ ስለ ነገሩ አላሰበም። የወደደው ጭብጨባውን ነው።

ትርኢቱ ሦስት ቀን ሲቀረው፣ አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ በረንዳ ላይ ስጫወት በመስኮቱ በኩል ድምፃቸውን ሰማሁ። ስለ ሰም የሆነ ነገር ተባባሉ። መብራት ሲጠፋ የምናበራው ሻማ አልቆ የሚጨቃጨቁ መስሎኝ ጨዋታዬን ቀጠልኩ። ከዚያ እናቴ ድምጿን ከፍ አደረገች።

"እሷን ነው ሰው ፊት የምታቀርበው? አታፍርም? ለይምሰል ነው እኮ የቆነጀችው! አንድ ጣት ቢነካት ታፈሳለች!"

እጄ ላይ የነበረው አሻንጉሊት ወደቀ። በዚያ ጊዜ እኔ አንዳንዴ አልጋዬ ላይ ያመልጠኝ ነበር። ይህን ከእናቴ በቀር ማንም አያውቅም፤ አንሶላውን የምታጥበው እሷ ናት፤ "በመካከላችን ይቅር" ብላኝ ነበር። ይኸው አሁን ለአባቴ ነገረችው! ሰው ፊት እንዳልቀርብ! ታፈሳለች አለችኝ!

"ተይ እንጂ" አለ አባቴ። "ስንት ሰው ፊት አቁሜያት አሳፍራኝ አታውቅም።"

"እስክትነካ ነዋ! ሰው ውስጧ ገብቶ የሚተኛባት ቀን ታያታለህ።"

የመጨረሻው አልገባኝም። ሰው እንዴት እኔ ውስጥ ገብቶ ይተኛል? ግን የገባኝ ይበቃኝ ነበር። አባቴ ሲሟገትልኝ፣ እናቴ ገመናዬን ስታወጣ ሰምቻለሁ።

የሚያወሩት ስለ ሸራዋ ነበር። አንዲት "እሷ" የምትል ቃል ናት። በሃያ ስድስት ዓመቴ ነገሩ ተብራርቶልኝ እንኳ ያች እሑድ ትዝ ባለችኝ ቁጥር ፊቴ ይጋላል፤ እኔን መስላ ለታየችኝ ቁራጭ ጨርቅ ብዬ እናቴን ስጠላ መክረሜ።

በዚያው ሳምንት አክስቴ፣ የአባቴ እህት፣ መጥታ ነበር። አክስቴ የተጠየቀችውንም ያልተጠየቀችውንም የምትመልስ ሴት ናት። እናቴ ለምን አባቴን እንደምትቃወመው ጠየቅኋት። "ቅናት ነው፣ የእኔ እመቤት" አለችኝ፣ ጥፍሯን እየሞረደች። "ባሏ ሲጨበጨብለት አይሆንላትም።" ይህን ቃል ይዤ ቆየሁ። የምጠቀምበት ቀን ሩቅ አልነበረም።

በትርኢቱ ቀን ጠዋት አባቴ አዲስ ቀሚስ አልብሶ ወሰደኝ። የፋብሪካው አዳራሽ ወለሉ ተወልውሎ ያንሸራትታል። ከግድግዳው ወዲያ የሽመና ማሽኖቹ ሲንኳኩ ጠረጴዛው ይርገበገባል። አራት እንግዶች አሉ፦ ሦስት ወንዶችና ማስታወሻ ደብተር የያዘች አንዲት ሴት። ሥራ አስኪያጁ ከጎናቸው ቆሞ ገና ምንም ሳይታይ ራሱን በአዎንታ ይነቀንቃል። እናቴ በጋውኗ በር ላይ ቆማለች።

"ይህች ልጄ ናት" አለ አባቴ። "ስምንት ዓመቷ ነው። እኔ ነጋዴ ነኝ፣ ልዋሽ እችላለሁ። እሷ ግን መዋሸት አታውቅም!"

ሣቁለት። እኔም ማንጠብጠቢያውን ይዤ ወጣሁ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ እስከ ሰባት ሰማያዊ ጠብታዎች አስቀመጥኩ። ሁሉም ቆሙ። አባቴ የሸራውን ጫፍ ሲያነሣው ተግተልትለው ወርደው ከሥር ባለው ነጭ ሳህን ላይ ኳ ኳ አሉ። እነዚያ የተማሩ፣ መነጽር ያደረጉ፣ ስንት አገር ያዩ ሰዎች እንደ እኔ አጨበጨቡ! ወፍራሙ ሰውዬ "ድገሚው እስኪ፣ ድገሚው" አለ። ደገምኩት። እኔስ ልጅ ነበርኩ፤ የእነሱን ምን እንደምለው አላውቅም። ድንኳን ሊገዙ መጥተው ድንኳኑን ቧንቧ ሥር ያቁሙልን ያለ አንድ ሰው አልነበረም።

ደብተር የያዘችው ሴት ብቻ ወደ በሩ ዞረች። "የፍተሻ ክፍል ኃላፊዋ እርስዎ ነዎት? ምን ይላሉ?"

እናቴ ወደ ጠረጴዛው መጣች። ወደ እኔ ጎንበስ አለች። ሸራው ላይ አንድ ጠብታ ቀርታ ነበር።

"የእኔ ልጅ፣ ቤት ያሳየሁሽን አሳያቸው። በጣትሽ ጫን አድርጊያት።"

ጣቴን ብጭን ምን እንደሚሆን አውቃለሁ። ለዚህ ነው ይህን ታሪክ ስናገር "ልጅ ነበርኩ" ብዬ ማምለጥ የማልችለው። አባቴን አየሁት፤ ፈገግታው እንዳለ ነው፣ ዓይኑ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ይለምነኝ ነበር። እጆቼን ወደ ኋላዬ ደበቅኋቸው።

"አልጫንም!" አልኩ። "እማዬ ቀናተኛ ናት። ያማረ ነገር ሁሉ ማበላሸት ትወዳለች!"

አዳራሹ በሣቅ ተሞላ። "ሕፃን አይዋሽም!" አለ ወፍራሙ ሰውዬ፣ ሆዱን ይዞ። እናቴ በራሷ ጣት ልትነካት እጇን ስትዘረጋ አባቴ ሸራውን ቶሎ አነሣው። ጠብታዋ ተንከባለለች። "በቃ፣ በቃ" አለ፣ "የቤት ጠብ ቤት ይቅር።" እንደገና ሣቁ። እናቴ ማንጠብጠቢያውን አነሣች። ሥራ አስኪያጁ ክንዷን ይዞ "ምሳ ቀርቧል፣ እንግዶቹን አናቁማቸው" አላት። ደብተር የያዘችው ሴት እኔን ትክ ብላ አየችኝ። ከዚያ ደብተሯን ዘጋችና ለምሳ ሄደች። እሷም እንደ ሌሎቹ የግዢውን ውል ፈርማለች። አንዳንዴ ከሁሉም በላይ የምንቃት እሷን ነው፤ ሌሎቹ አልጠረጠሩም፣ እሷ ጠርጥራ በላች።

እናቴን በነጋታው "ዕረፍት ውሰጂ" አሏት። የፍተሻው ወረቀት ላይ ምክትሏ "ይሆናል" ብሎ ፈረመ። ሸራው ተሰፍቶ ድንኳን ሆኖ ሄደ። ክረምቱ ገባ። ወንዙ ሞልቶ አንድ ሸለቆ ሙሉ ሰው ቤት አልባ ሆነ። አባቴ ራዲዮኑን ከፍ አድርጎ "በእኛ ድንኳን ነው የተጠለሉት!" እያለ ለጎረቤት ይናገር ነበር። እናቴ ራዲዮኑን ሰምታ ተነሥታ ወደ መኝታ ቤት ገባች። የልብስ ሳጥን ሲከፈት ሰማሁ።

በማግስቱ ጠዋት የፋብሪካው የጭነት መኪና በራችን ላይ ቆመ። ሹፌሩ ረጅም፣ ከፊት ጥርሱ አንዱ የጎደለ ሰው ነበር። እናቴ መጥታ "ሁለት ሳምንት ነው፣ የእኔ ልጅ" አለችኝ። ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ። ስትወጣ ተከትዬ በመስኮት አየሁ፦ ሹፌሩ እጇን ይዞ ወደ ጋቢናው ሳባት፤ የሆነ ነገር አላትና ሣቀች። ከእኛ ጋር ከሣቀች ስንት ጊዜዋ ነበር! አክስቴ ያን ዕለት ሻንጣዋን ይዛ ገባች። በሩን ሳትዘጋ "ከሹፌሩ ጋር ሄደች" አለች። ለእኔ፣ ለጎረቤት፣ ለወተት አምጪው፤ ለሁሉም አንድ ዓይነት አድርጋ ነገረች። አባቴ አልካደም፣ አላረጋገጠም። አንገቱን ደፋ አድርጎ ሰው እንዲያዝንለት ፈቀደ። በዚህም ተጨበጨበለት ማለት ይቻላል።

ሁለቱ ሳምንት ሦስት ወር ሆነ። ዝናቡ ሲያባራ እናቴ መጣች። ከስታለች፤ እጆቿ እስከ ክርኗ በጨርቅ ተጠቅልለዋል። አባቴ በር ላይ አቆማትና ወደ እኔ ዞረ። "አንቺ ትልቅ ልጅ ነሽ። ከማን ጋር መኖር ትፈልጊያለሽ?" አለኝ።

"ከአንተ ጋር" አልኩ። እጇን ምን እንዳገኘው እንኳ አልጠየቅኋትም።

እናቴ አልተከራከረችም። ልብሷን ይዛ ወደ ሌላ ከተማ ሄደች። በየዓመቱ አንዴ እየመጣች ትምህርት ቤቴ በር ላይ ታየኝ ነበር። እኔ ከንፈሬን ጥብቅ አድርጌ እቆማለሁ፤ እሷ ስለ ትምህርቴ ትጠይቃለች፤ አንድ ሰዓት ሳይሞላ እንለያያለን። በአሥራ አምስት ዓመቴ "ባትመጪ ይሻለኛል" አልኳት። ከዚያ ወዲያ አልመጣችም።

አባቴ የሞተው ሃያ ስድስት ዓመት ሲሞላኝ ነው። ሥራ አስኪያጅ ሆኖ ጡረታ ወጥቶ ነበር። በቀብሩ ላይ አምስት ሰዎች ተናገሩ፤ አምስቱም "ሐቀኛ" አሉት። ሰው ሲበታተን አንድ ሽማግሌ በዱላ እየተደገፈ ወደ እኔ መጣ። የጎደለውን የፊት ጥርሱን ሳይ አወቅሁት።

"እናትሽ ደህና ናት?" አለኝ።

"እኔን ነው የሚጠይቁት? የወሰዷት እርስዎ!"

"አዎ፣ ወስጃታለሁ" አለ፣ ነገሩ ሳይገባው። "እኔ ባልወስዳት በእግሯ ትሄድ ነበር። አሥራ ሁለት በርሜል ሰም ጭነን ነው የሄድነው። የመጋዘን ኃላፊው ዓይኑን ጨፍኖ ሰጣት።"

ሽማግሌው ድንጋይ ላይ ተቀመጠና ነገረኝ። ድንኳኖቹ ዝናቡን ከላይ እንደ ነገሩ ችለውት ነበር፤ የባሰው ችግር ከውስጥ ነው። አንድ ድንኳን ውስጥ ዘጠኝ፣ አሥር ሰው ታጭቋል። ትከሻ ይነካዋል፣ ራስ ይነካዋል፣ በነካው ቦታ ውሃው ይገባል።

"ሕፃናቱ ከውስጥ በጣታቸው ሸራው ላይ ሥዕል ይሥሉ ነበር፣ የሚጫወቱበት የላቸውማ። በሣሉበት መስመር ሁሉ ውሃ መጣ። ቤት የሣለ ልጅ ነበር፤ ቤቱ እንዳለ በውሃ ታትሞ ሲያፈስ በዓይኔ አይቻለሁ። ሁለት ሕፃናት በሳንባ ምች ሞቱ። አንዱን ወደ ሐኪም ይዤ ስበር መንገድ ላይ አለፈ። እናትሽ ጋቢናው ውስጥ ታቅፋው ነበር።"

"እሷ ምን ታደርግ ነበር?"

"ሰም እያቀለጠች በየድንኳኑ ትቀባለች፣ በከሰል ካውያ እስከ ውስጥ ታስገባለች። ሴቶቹን ሰብስባ አስተማረቻቸው። ከሦስት መቶ ድንኳን በላይ ነው የቀባነው። በርሜሉ ተገልብጦ ነው እጇ የተቃጠለው።" ሣቅ አለ። "እኔን እንደ ባልዲ ነበር የምታየኝ። 'አምጣ፣ ውሰድ፣ አምጣ፣ ውሰድ!' የምታወራውም ስለ አንቺ ብቻ ነው፤ ሰለቸኝ እኮ።"

በሳምንቱ እናቴ ወደምትኖርበት ከተማ አውቶቡስ ተሳፈርኩ። እናቴ የጭነት መኪና ሸራ በምትሰፋበት ሰፊ ሱቅ ውስጥ፣ ወለሉን ሙሉ በተዘረጋ አረንጓዴ ሸራ መሐል ተንበርክካ አገኘኋት። መነጽር አድርጋለች። ክንዷ ላይ ቆዳው ተሸብሽቦ ያብረቀርቃል። ቀና ብላ አየችኝ፤ አልተነሣችም። በመንገድ ሙሉ ያዘጋጀሁትን ጀመርኩ።

"እማዬ፣ ያን ዕለት በሰው ሁሉ ፊት የፈጸምኩብሽ በደል ዕድሜ ልኬን ከኅሊናዬ..."

"ቆይ" አለች። "ይህን ተለማምደሽው ነው የመጣሽው?"

"አዎ።"

"አፍሽ የአባትሽ ነው።"

የቀረውን ንግግር ተውኩት። ሳልለማመደው፣ "ለምን አልነገርሽኝም?" አልኩ።

"ብነግርሽ ታምኚኝ ነበር?"

አሰብኩ። በዚያች ሰዓት እሷ ፊት መዋሸት አልቻልኩም። "አላምንሽም ነበር።"

"እንግዲያውስ" አለችና የሸራውን ጫፍ በእግሯ ወደ እኔ ገፋችው። "ቆመሽ አትቅሪ። ይህን ያዥ።"

ቦርሳዬን መሬት አድርጌ ያዝኩ። እሷ ወዲያ፣ እኔ ወዲህ ሆነን ማጠፍ ጀመርን። ሸራው ከጠበቅሁት በላይ ይከብዳል። ሁለተኛውን እጥፋት ሳንጨርስ የሱቁ ባለቤት መጣ። ቁልፉን ጣቱ ላይ እያሽከረከረ እኔንና እሷን አፈራርቆ አየን።

"ልጅዎት ናት?" አላት።

እናቴ ቀና አላለችም። "እንጃ፤ ገና አሁን መምጣቷ ነው" አለችው። ከዚያ ወደ እኔ፣ "እየለቀቅሽው ነው፤ ሳቢው።"

ሳብኩት።